ብሪንግ አፕ እና ሰባቱ አባቶች

አበሩ ስትዋሽ ዓይኗን አትሰብርም። በእስራኤል፣ በአሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዛይን በሚባለው ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እያወቀም ቁጭ ብሎ ይሰማታል። በሱዳን በረሃ ጥም ሲጠናባት ጨረቃዋን አውርዳ ጨምቃ እንደጠጣች፣ ጨረቃም ከዚያ ወዲህ በየወሩ እየከሳች የምትሞላው በሷ ምክንያት እንደሆነ ትናገራለች። የአሽዶድ ወደብ ክሬን አንድ ጊዜ ተሳስቶ ከነዘንቢሏ አንስቷት መርከብ ላይ ጭኗት፣ ቆጵሮስ ደርሳ ሽንኩርት ገዝታ ለእራት ተመልሳለች። «አይቼ ነው የምነግርሽ» ትላለች። ባሏ ጌታው አጠገቧ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። ለሰሚው ምስክርነት ይመስላል፤ እሱ ግን ማዘኑ ነው።

ይህች ሴት ጡረታ ከወጣች በኋላ እንግሊዝኛ ልማር ብላ ስትነሳ፣ ጎረቤቱ «አማርኛና ዕብራይስጥ ለውሸቷ ጠበባት» አለ። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ልጇ ኤስቲ ልታገባ ነው።

ኤስቲ በሕክምና ጣቢያ ነርስ ናት። ባል የሚሆናት ጋዲ አምቡላንስ ይነዳል። ልጁ ደግ ነው፣ ሥራውን ያከብራል፣ ሲበላም አይግደረደርም፤ አበሩ በዚህ በሦስተኛው ብቻ ወዳዋለች። ኤስቲ የወላጆቹን ነገር የነገረቻት ዕቃ እያጠቡ ነው።

«ከየት ናቸው አልሽኝ?»

«ከደቡብ አፍሪካ፣ እማ። አሁን ሮቫ ሄ ነው የሚኖሩ።»

«ጥቁሮች ናቸው በይኛ!»

«ነጮች ናቸው።»

አበሩ የያዘችውን ድስት አስቀመጠች። «ከአፍሪካ የመጣ ነጭ? ይኸን ሁሉ ዘመን ስዋሽ ኖሬ፣ እንዲህ ያለውን ግን አላሰብሁትም።»

ሰዎቹ አባትየው ዳቪድ፣ እናትየዋ ሾሻና ይባላሉ። ልጃቸው ቀድሟቸው ነው የመጣው፤ እነሱ ከመጡ ብዙ አልቆዩም፤ ዕብራይስጣቸው ከሰላምታና ከአውቶቡስ ቁጥር አያልፍም። ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ነው።

እዚህ ላይ የኤስቲን ነገር መናገር ያስፈልጋል። ኤስቲ ከአበሩ ማኅፀን አልወጣችም። አበሩና ጌታው ልጅ አልወለዱም። የኤስቲ አባትና እናት በአውሮፕላኑ ዘመቻ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ እንደ ሌላው ሁሉ ካራቫን ውስጥ፣ በዚያ የቆርቆሮ ቤት ሰፈር፣ ከአበሩ ግድግዳ ለግድግዳ ኖሩ። አባቷ አስማረ ልጁ ጥርስ ሳታበቅል ሞተ። እናቷ መንበረ ደግሞ ኤስቲ ገና ጫማዋን በግራ በቀኝ እያፋለሰች በምታደርግበት ዕድሜ ታመመች፤ አልተነሳችም። አበሩ ልጅቱን አንስታ በግድግዳው ወዲህ አሻገረቻት። ነገሩ ይኸው ነው። ሸንጎ አልተቀመጠበትም።

የአስማረ ታላቅ ወንድም አንዳርጌ ግን በሕይወት አለ። በቂርያት ማላኪ ከተማ፣ ብዙ ልጆችና የልጅ ልጆች ከበውት ይኖራል። በየበዓሉ ለኤስቲ ልብስ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም። የሠርጉን ወሬ እንደሰማ ደወለ።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ አበሩ። የልጅቱ አባት የናቴ ልጅ ነው። ዘሯን እኔ እቆጥራለሁ። ሁፓው ሥርም በአባትና በእናት ቦታ እኔና ባለቤቴ እንቆማለን።»

ሁፓ ማለት ሙሽሮች ቆመው የሚባረኩበት ባለ አራት ቋሚ ዳስ ነው። ሙሽሪትን ግራና ቀኝ ይዞ ወደዚያ የሚያደርስ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ወላጅ ነው።

«እኔስ አያ አንዳርጌ?» አለች አበሩ።

«አንቺማ መቼ ትረሺያለሽ! ከፊት ረድፍ ወንበር ይያዝልሻል።»

አበሩ ስልኩን ዘጋች። ጌታው ምን እንደሆነች ሲጠይቃት «ወንበር ተሰጠኝ» አለችው። «ያቺን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ የካራቫኑን ጭቃ ስሻገር ወንበር አልነበረም። አሁን ሲደርስ ወንበር መጣ።»

ዘር ቆጠራውም የማይቀር ነበር። እንደ ወጉ ሁለቱ ወገን አባቶቹን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ በሰባቱ ውስጥ ስም ከስም ከገጠመ ዘመዶች ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። ኤስቲ በስልክ «አጎቴ፣ እነሱ እኮ ነጮች ናቸው፤ በምን እንዛመዳለን?» ብትለው አንዳርጌ ተቆጣ።

«ነጭነታቸው ምን ቸገረኝ? ከአሜሪካ ቢሆኑ ዝም ባልሁ። ከአፍሪካ ናቸው አላልሽም? ከአፍሪካ ከሆኑማ መቁጠር ግድ ነው። ሰው ሩቅ ሄድሁ እያለ ነው የአክስቱን ልጅ የሚያገባ።»

የአበሩ ሐሳብ በዚህ ጊዜ ነው የበሰለው። በቆጠራው ቀን በአማርኛ ልናገር ብትል አንዳርጌ ይቀድማታል፤ ታላቅ ነው፣ ደም ነው፣ ከዘራም አለው። በዕብራይስጥ ብትናገር ሰዎቹ አይሰሟትም። በእንግሊዝኛ ግን ማንም አይቀድማትም። ለእነዚያ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ ይህችን ልጅ ማን እንዳሳደጋት ትነግራቸዋለች።

በሰፈሩ የባህል ማዕከል ለጡረተኞች የእንግሊዝኛ ትምህርት ነበር። ጌታውን እየጎተተች ይዛው ሄደች። እሱ በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና መጋዘን ውስጥ ሲሸከም ኖሮ ወገቡን ያመዋል፤ የትምህርት ቤት ወንበር ደግሞ ለወገብ ጠላት ነው። መምህርቷ ሃዳር የምትባል ወጣት ናት፤ ተማሪዎቿ ሁሉ በአያቶቿ ዕድሜ ስለሆኑ ስትቆጣም እየሳቀች ነው።

«የእንግሊዝኛ ግስ ብቻውን አንድ ነገር ነው» አለች ሃዳር። «ትንሽ ቃል ከኋላው ስትለጠፍበት ግን ሌላ ሰው ይሆናል።»

«እንዳገባ ወንድ» አለች አበሩ። ጌታው ራሱን ነቀነቀ።

«እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ግስ ትወስዳላችሁ። ትርጉሞቹን ሁሉ ከነተመሳሳዮቻቸው አጥንታችሁ ለክፍሉ ትናገራላችሁ። ጌታው፣ አንተ ጊቭ አፕ ደርሶሃል። መተው፣ ማቆም፣ ተስፋ መቁረጥ፣ እጅ መስጠት ማለት ነው።»

«አውቀዋለሁ» አለ ጌታው። «ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ ነው የማውቀው።»

ክፍሉ ሳቀ። አበሩ ግን እጇን አንስታ ነበር። «ለኔ ልጅ ማሳደግ የሚባለውን ስጪኝ። ሌላውን ለሌላ ሰው አካፍይ።»

ሃዳር አሰብ አድርጋ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ብሪንግ አፕ። «ብሪንግ ማምጣት ነው። አፕ ወደ ላይ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ልጅ ማሳደግ።»

አበሩ ቃሉን በአፏ አላመጠችው። ከታች ወደ ላይ ማምጣት። ያቺን ልጅ ከካራቫኑ ጭቃ ወደ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰሩ በተበላሸ ቁጥር፣ ከነደብተሯ ስታወጣት ታያት። «ይሄን ቃል ያወጣው ሰው ሞኝ አይደለም» አለች።

«ግን ሌላ ትርጉምም አለው፤ እንዳይምታታብሽ ሁሉንም እወቂ። ጨዋታ መካከል አንድ ነገር ብታነሺ እሱም ብሪንግ አፕ ነው። ሰው የበላውን ቢያስመልስም እንዲሁ።»

«ማስታወክ?»

«አዎ። ይገርማል አይደል?»

«ምን ይገርማል!» አለች አበሩ፤ እሷን የገረማት የሃዳር ልጅነት ነበር። «አንቺ ገና አልወለድሽም። ልጅ ስታሳድጊ ቀኑን ሙሉ ያስመለሰውን ስትጠርጊ ትውያለሽ፤ ማታ ደግሞ አጠገቡ ጋደም ብለሽ የሞቱትን ስም ታነሺለታለሽ። ሦስቱም አንድ ሥራ ነው። እንግሊዞቹ አሳድገው ያውቁታል።»

ሃዳር ተመሳሳዮቹን አመጣችላት። ሬይዝ ይባላል ብትላት፣ አበሩ ሌላ ምን እንደሚሠራ ጠየቀች። ከብት ማርባትም ደሞዝ መጨመርም እጅ ማንሳትም ሬይዝ መሆኑን ስትሰማ «እኔ ከላምና ከደሞዝ ጋር አልጋፋም» ብላ መለሰችው። ሪር የሚባለውም እንዲሁ በረት በረት ሸተታት። ነርቸር ደስ አሰኛት፤ መኮትኮት፣ መንከባከብ ነው አለቻት፤ ግን አፏ ላይ ተሰባበረባት። ለማንሳት ደግሞ ሜንሽን አለ፤ የሚያስፈራውን ነገር ደፍሮ ሲጀምሩት ብሮች ይባላል። «እሱን ለአንዳርጌ ቀን አስቀምጪልኝ» አለች።

«በአማርኛስ ተመሳሳዩ ምንድን ነው?» አለች ሃዳር ለራሷ መማር ፈልጋ።

«ሞልቶ! ማሳደግ አለ። መኮትኮት አለ። ማቅናት፣ እንደ ችግኝ። አብልቶ አጠጥቶ ለሰው ማድረስ አለ። ከሁሉም በላይ ግን ለወግ ለማዕረግ ማብቃት ነው።»

«የመጨረሻው ምን ማለት ነው?»

አበሩ በዕብራይስጥ ልትተረጉመው ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ተወችው። ኋላ ተነስታ፣ ጌታውን በክንዱ ጎትታ ክፍሉ ፊት አቆመችው፣ ትከሻውን ጠረግ ጠረግ አደረገችለት፣ ከዚያም ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ ሰዉ ዞረች። «እንዲህ ነው። ልጅሽን ሰው ፊት አቁመሽ፣ ምንም ሳትናገሪ፣ ይኸው ማለት ነው።»

«ይህን የሚያህል ቃል በእንግሊዝኛ አላውቅም» አለች ሃዳር።

«ስንት ቃል አላቸው ሲባል እሰማ ነበር!» አለች አበሩ፤ እስከ ቤቷ ድረስም አንገቷን ቀና አድርጋ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ዓረፍተ ነገሯ አንድ ብቻ ሆነ። አይ ብሮት ኸር አፕ። ያሳደግኋት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ብሪንግ ላለፈ ነገር ሲሆን ብሮት ይባላል። በሐኪም ቤት ሰልፍ ትለዋለች፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ትለዋለች፣ ሽንኩርት ስትልጥ ትለዋለች። ባሕር ዳር ወርዳም ለባሕሩ አለችው፤ ባሕሩ እንዳፈገፈገ፣ አሣዎቹም ተሰልፈው እንዳጨበጨቡ ለጎረቤት ተናገረች።

ጌታው ግን አልተመቸውም። «ለአንዳርጌ ሳትነግሪ በሰው ፊት ከተናገርሽው፣ እንዳዋረድሽው ይቆጥረዋል።»

«በእንግሊዝኛ ነው የምለው። አይሰማም።»

«እሱ ባይሰማ ሌላው ይሰማል።»

«እንግዲህ ጊቭ አፕህን ይዘህ ተቀመጥ» አለችው።

ቆጠራው የሆነው ዓርብ ጠዋት፣ በአበሩ ቤት ነው። አንዳርጌ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራውን ተደግፎ፣ ባለቤቱን አስከትሎ መጣ። ጌታው ደህናውን ወንበር ለቀቀለት። ዳቪድ ረጅም፣ ጆሮው በፀሐይ የቀላ ሰው ነው። ሾሻና አጭርና ሳቂታ፤ ገና ከበሩ ስትገባ እጇን ዘረጋች። ጋዲ በእናቱና በሙሽራዋ መካከል ሸሚዙን እያስተካከለ ቆመ።

አበሩ የሾሻናን እጅ ያዘች፤ አለቀቀችውም። ቃል በቃል፣ አንዱንም ሳታጎድል ተናገረች።

«አይ ብሮት ኸር አፕ!»

ሾሻና ፊቷ በራ። «ኦ!» አለችና ኤስቲን አየት፣ አበሩን አየት አድርጋ አንድ ረጅም ነገር ተናገረች። ኤስቲ እያፈረች «ግሩም አድርገሽ ነው ያሳደግሻት አለች፣ እማ» ብላ ተረጎመች።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። አበሩ ግን ጀምራ ማቆም አታውቅም፤ ያጠናችውም እንዲቀርባት አልፈለገችም። ትከሻዋን እየመታች፣ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ፊት እያጎነበሰች «ሺ ብሮት አፕ! ኦን ሚ! ኤቭሪ ዴይ!» አለች፤ በየቀኑ እላዬ ላይ ታስመልስ ነበር ማለቷ ነው። ሾሻና ሳቅ አፈናት፤ ዳቪድም ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ፤ ኤስቲ ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንዳርጌ ብቻ አልሳቀም።

«ምን አለች?» ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቀ።

ጋዲ ምን ያውቃል! «ኤስቲን ያሳደግኋት እኔ ነኝ ብላ ለናቴ ነገረቻት» አለ በቅንነት።

አንዳርጌ ከዘራውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ አደረገ። ሳቁ ቆመ።

«ለባዕድ ሰው በባዕድ ቋንቋ ነገርሽው» አለ በአማርኛ። «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ።»

«አያ አንዳርጌ፣ እውነት ነው ያልሁት።»

«አንቺና እውነት መቼ ታረቃችሁ? ማሳደግ ምን ገዶት! ጎረቤትም ያሳድጋል፣ መንግሥትም ያሳድጋል። ልጅቱ የማን እንደሆነች ታውቃለች ወይ? ወይስ ጨረቃ ስትጨምቂ ነው ያደገችው?» ወደ ኤስቲ ዞረ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነይ ልጄ። መካከል ላይ ቁሚ። አባቶችሽን ቁጠሪ። ሰባቱን ከሞላሽ፣ ያሳደገችሽ በናትሽ ቦታ ትቁም፣ አፌን አልከፍትም። ካልሞላሽ ግን ይህ ነገር ሁለተኛ አይነሳም፤ እኔ እቆጥራለሁ፣ እኔ አቆምሻለሁ።»

ጌታው «አያ አንዳርጌ፣ በእንግዳ ፊት…» ሊል ጀመረ። አንዳርጌ በእጁ ብቻ አስቀመጠው።

አበሩ ሰጋች። ስሞቹን አስተምራታለች፤ በየሰንበቱ ዋዜማ፣ ልጅቱ አልተኛም ስትል። ግን ደረቅ ስም ለልጅ አይዋጥም፤ እንደ መድኃኒት በማር ለውሳ ነው ያዋጠቻት፤ ማሩ ደግሞ የራሷ ነው፣ ውሸት። ኤስቲ ለብሔራዊ ግዳጅ ወታደር ከሆነች ወዲህ አንድም ቀን አላስቆጠረቻትም። ስሙ ጠፍቶ ውሸቱ ብቻ ቀርቶ ቢሆንስ? በነዚህ ሰዎች ፊት? ከዚያም ሌላ ነገር ትዝ አላትና እጆቿን አፏ ላይ ጫነች። ስምንተኛውን ረስታው ነበር።

ኤስቲ መካከል ቆመች። ነርስ ናትና ሰው ፊት ቆሞ መናገር ለምዳለች።

«እኔ የአስማረ ልጅ ነኝ። አስማረ ሲስቅ የካራቫኑ ቆርቆሮ አብሮት ይስቅ ነበር። አስማረ የጓንጉል ልጅ ነው። ጓንጉል ሲያስነጥስ በማዶ ያለች በቅሎ ጭነቷን ትጥላለች።»

«ምን?» አለ አንዳርጌ። ጓንጉል አባቱ ነው። ከንፈሩን ነከሰ፣ ወለሉን አየ። «እሱስ… እሱስ እውነት ነው። እኔም ነበርሁ። ቀጥይ።»

«ጓንጉል የሰጠኝ ልጅ ነው። ሰጠኝ የሸመነው ኩታ ከመቅጠኑ የተነሳ፣ ራሱ ሰጠኝ ለብሶት ራቁቱን የሆነ መስሎት ወደ ቤቱ ሮጠ። ሰጠኝ የጎባው ልጅ ነው። ጎባው በነብር ያረሰ ነው፤ ነብሩ ሲደክመው ጎባው ራሱ ተጠምዶ ነብሩ ዕርፉን ያዘ።»

ጋዲ አማርኛ ባያውቅም ለወላጆቹ እየተረጎመ ነበር፤ ኤስቲ ቀደም ሲል ነግራው ኖሮ ነብሩን ከሷ ፈጥኖ አስገባው። ሾሻና ወደ ፊት ዘመም ብላለች። የአንዳርጌ ጣቶች በከዘራው እጀታ ላይ አንድ በአንድ ይታጠፉ ነበር።

«ጎባው የዋሴ ልጅ ነው። ዋሴ ከሰሜን ተራራ ሲጣራ ደምቢያ ላይ ራት የሚበላ ሰው አቤት ይላል። ዋሴ የአቡሃይ ልጅ ነው። አቡሃይ ጣናን በጉማሬ ተሻግሮ፣ ለጉማሬው ‹ቆይ መጣሁ› ቢለው ጉማሬው እስካሁን እየጠበቀው ነው። አቡሃይ የይርዳው ልጅ ነው። ይርዳው ከዝናብ ጋር ተካሶ ረታ፤ ማሳው ላይ ሌሊት ብቻ እንዲዘንብ ተፈረደለት።»

የአንዳርጌ ሰባተኛው ጣት ታጠፈ።  አበሩ በዓይኗ «በቃሽ፣ በቃሽ» ብትላት ኤስቲ አላየቻትም።

«ይርዳው የመብረቁ ልጅ ነው።»

«የማን?» አንዳርጌ ቀና አለ። «መብረቁ? በዘራችን መብረቁ የሚባል የለም!»

ሁሉም ወደ አበሩ ዞሩ።

«እሱ የኔ ነው» አለች አበሩ በቀጭን ድምፅ።

«እንዴት ያንቺ?»

«ፈጥሬው ነው። ከሰባቱ አንዱ ቢጠፋባት ብዬ… ለመጠባበቂያ።»

«እንደ መኪና ጎማ» አለ ጌታው።

አንዳርጌ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጣ መስሏቸው ባለቤቱ ክንዱን ያዘችው። ቀና ሲል ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ጥርስ በጎደለው አፉ እየሳቀ ነበር። ሳቁ ሲበርድለት መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ጠረገና ወደ አበሩ ዞረ።

«ሰባቱን ከማን ሰማሽ? እኔ አልነገርሁሽም።»

«ከመንበረ። ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች። እኔ ስለ ልጅቱ ምግብ፣ ስለ ልጅቱ ልብስ እጠይቃታለሁ፤ እሷ ‹እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፤ የአስማረን አባቶች ቁጠሪልኝ› ትለኛለች። ስሳሳት ታርመኛለች። መናገር ሲያቅታት በጣቷ ነበር የምትቆጥርልኝ።» አበሩ የራሷን ጣቶች አጠፍ አጠፍ አደረገች። «ሳልሳሳት የቆጠርሁላት ቀን፣ በቃ አለች።»

«የራስሽን አባቶችስ አስቆጠርሻት?»

«ለምን አስቆጥራታለሁ? የሷ አይደሉም እኮ።»

 ባለቤቱ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሳች። የመጨረሻውን ኤስቲ ለጋዲ፣ ጋዲም ለወላጆቹ በሹክሹክታ ተረጎሙ፤ ሾሻና ተነስታ መጥታ ከአበሩ አጠገብ፣ ወንበር ስላልነበረ፣ ክንዷን ይዛ ቆመች።

«የወለድኋቸው ሞልተውልኛል» አለ አንዳርጌ በመጨረሻ። «አራተኛውን አባት የሚያልፍ የለም። አራተኛው ላይ ስልካቸው ይጮኻል። ውሸታም እልሽ ነበር፤ አሁንም ውሸታም ነሽ። ነብር አላረሰልንም። ግን አንድ ስም አላጎደልሽብንም፤ አንድ ቦታ አላፋለስሽም። ወንድሜ በሰው አፍ እንዲህ ቆሞ እንደሚጠብቀኝ አላወቅሁም።» ከዘራውን ወደ ባለቤቱ ዘወር አደረገ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ጉልበቴን ያመኛል» አለች ባለቤቱ። «ከፊት ረድፍ ያለውን ወንበር ለኔ ስጡኝ።»

«እንግዲህ እኔ በቀኟ፣ አበሩ በግራዋ። አለቀ። አሁን የነሱን እንስማ።»

ዳቪድ ተነስቶ እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ከሊቱዌኒያ በመርከብ ተሳፍሮ ኬፕ ታውን የወረደውን ቅድመ አያቱን ጠራ። ከዚያ ወዲያ እጁን ዘረጋ። አያውቅም። ጆሮው ከፀሐዩም በላይ ቀላ።

አንዳርጌ ጨነቀውና በዕብራይስጥ ጠየቀ። «ሊቱዌኒያ እንዴት ያለ አገር ነው?»

«በረዶ ነው» አለ ጋዲ። «ክረምቱን ሁሉ በረዶ።»

አንዳርጌ በረዶውን በሐሳቡ ዞሮ አየው። «በረዶ ውስጥ ዘመድ የለንም» ብሎ ፈረደ።

አበሩ ግን ሰውዬው እንደዚያ አፍሮ መቆሙ አንጀቷን በላው። «አያ አንዳርጌ፣ መብረቁን እንስጣቸው። ለኛ ትርፍ ነው፤ ለነሱ ክፍተቱን ይሞላላቸዋል።»

«አበድሽ!» ብሎ ጮኸ አንዳርጌ። «ሠርጉ ሊደርስ ዘመድ ልታደርጊያቸው ነው?»

ሠርጉ የሆነው በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ከመጋዘኖቹ መካከል ባለ አንድ አዳራሽ ነው። ጌታው ለገባ ለወጣው ሁሉ ወገቡን የጨረሰበትን መጋዘን በር ከማዶ ያሳይ ነበር። ሃዳር መጥታለች፤ ሮቫ ዛይን በሙሉ መጥቷል። ከበሮና ኦርጋኑ ሲጀምሩ በሩ ተከፈተ። ኤስቲ በመካከል፣ አንዳርጌ በነጭ ጋቢው በቀኝ፣ አበሩ በግራ።

ከበሩ እስከ ሁፓው ያለው መንገድ ረጅም አልነበረም። አበሩ ግን አንድ እግሯን አንስታ፣ አስባበት፣ ታስቀምጠዋለች። ግራ ረድፉን ታያለች፣ ቀኝ ረድፉን ታያለች፤ ያላየ ሰው እንዳይቀር ሰው አንገቱን እስኪያቀና ትጠብቃለች። ከበሮ መቺው ዜማውን ጨርሶ እንደገና ጀመረ። ዳቪድና ሾሻና ከጋዲ ጋር ዳሱ ሥር ቆመው ሲጠብቁ ሙሽሮቹን የሚባርከው ረቢ ሰዓቱን አየ።

አንዳርጌ አንገቱን በኤስቲ በኩል አሾልኮ «ኧረ ፍጠኚ፤ ሰው እየጠበቀ ነው» አላት።

አበሩ ቀና እንዳለች፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ መለሰችለት።

«አንቱ የመጡት ከቂርያት ማላኪ ነው፣ አያ አንዳርጌ። እኔና እሷ ግን ከካራቫኑ ነው የምንመጣ። መንገዳችን ሩቅ ነው፤ አያስቸኩሉን።»